ክረምት የሚያለብሳቸው

ጦስኝ ደርቆ በላስቲክ ታስሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ሽታው ይተኛል። ከሾላ ገበያ የገዛሁትን ለሻይ ብዬ በመዳፌ ሳሸው ነው የነቃው። ሻዩ እስኪፈላ ድረስ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ አልነበርኩም። ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ፣ በመስከረም ጠዋት፣ ጤዛ በከበደው ሣር ላይ በባዶ እግሬ ከበጎች ኋላ እሄድ ነበር። ደጋ ያደገ ሰው ያውቃል፤ ጦስኝ የሚሸተው ሲረገጥ ነው። በጎቹ ከፊት የረገጡትን እኛ ከኋላ እያሸተትን ነው ያደግነው።

ሽታው ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ድምፅ ያስከትላል። በጦስኙ አበባ ላይ የሚመላለስ ንብ፣ እግር በተነሣ ቁጥር ዘሎ የሚያመልጥ ፌንጣ፣ ከገደሉ ሥር የሚወጣ የቁራ ጩኸት። ባሕር ያላቸው አገሮች ሰዎች በጋቸው ሲገባ ወደ ባሕር ዳር ጥብቅ ሥፍራ ወጥተው ወፍና ቢራቢሮ ሲያዩ እንደሚውሉ አውቃለሁ። የወሎው ቦረና፣ አገሬ፣ ባሕር የለውም። የእኛ ዳርቻ የዓባይ ገደል ነው፤ መሬቱ ድንገት የሚያልቅበት፣ ማዶው ጎጃም የሆነ። በእነሱ ሰኔና ሐምሌ ፀሐይ ስትበረታ የእኛ ሰማይ ይዘጋል። ምድሩ በነፍሳትና በወፍ የሚሞላው ግን በእነዚያው ወራት ነው።

መጀመሪያ የሚሰማው ከታች፣ ከቆላው በኩል ነበር። ከገደሉ አፋፍ ሥር ያሉት መንደሮች የሰኔ ዝናብ መሬቱን በመታ ማግስት አሸን ይፈላባቸዋል። ክንፍ ያወጣ ምስጥ ከጉድጓዱ እየተግተለተለ ይወጣል፤ ዶሮው ይሮጣል፣ ድመቷ ትዘላለች፣ ወፉ ከአየር ላይ ይለቅማል። ማታ ኩራዙን ከብቦ ይዞራል። ጠዋት ደጃፉ ላይ የሚቀረው ክንፉ ብቻ ነው፤ የደረቀ፣ የሚያበራ፣ እፍ ሲሉት የሚበር። እናቴ አክስቴን ልትጠይቅ ስትወርድ ይዛኝ ከወረደች፣ ያንን ክንፍ በመዳፌ ሰብስቤ ለደጋ ጓደኞቼ ላሳይ እሞክር ነበር። ዳገቱን ወጥቼ አላውቅም ነፋሱ ሳይወስድብኝ።

ሐምሌ የጉንዳን ወር ነው። ጉንዳን ቤት ከገባ የሚወጣው ሰው ነው። አያቴ በጨለማ ቀድማ ትነቃለች፤ የከብቶቹ መሬት መደብደብ ይነግራታል። «ተነሡ ልጆቼ፣ ተነሡ» ብላ እኛን ወደ ማድቤት ታሻግርና ከምድጃው አመድ ዝቃ በመኝታችን ዙሪያ ትነሰንሳለች። የመጀመሪያዎቹ ጉንዳኖች አመዱ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አንቴናቸውን ያነሣሉ፣ ግራና ቀኝ ይላሉ፣ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ይታጠፋል። ይህን በኩራዝ ብርሃን ተንበርክኬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በእሳት እንድናቃጥላቸው ግን አትፈቅድም። ጉንዳን ያለፈበት ቤት ቁንጫና ትኋን፣ አይጥም ጭምር ይጠፋለታል። «ጠርገው ነው የሚሄዱ» ትል ነበር፤ ሲነጋም እሷ ቤቱን አትጠርግም።

ቀኑን በገሳ ውስጥ እንውላለን። ገሳ ከጓሳ ሣር የሚታታ የእረኛ ዝናብ መከላከያ ነው፤ ከራስ እስከ ጉልበት ይሸፍናል። ዝናቡ ውጭውን ሲመታ ውስጡ ደረቅ ሣር ይሸታል። ከዚያ ውስጥ ሆኖ ዓለምን ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነበር። እኛ ስንቆም ወፎቹ ይረሱናል፤ ድንቢጥ ክንድ በማይሞላ ርቀት መጥታ ትል ትጎትታለች።

ሰዓት አልነበረንም፤ ጋጋኖ ነበረን። ጎሕ ሲቀድ ከገደሉ ይነሡና በመንደሩ ላይ እየጮሁ ያልፋሉ። መንቁራቸው ወደ ታች የቆለመመ፣ ጉሮሯቸው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለ፣ ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ነጭ የሚታይ ትልልቅ ወፎች ናቸው። ሴቶች በእነሱ ጩኸት ተነሥተው እሳት ያያይዙ ነበር። ቀን ከብቶቹ መካከል ተሰልፈው እየተራመዱ ያንን ረጅም መንቁር ርጥብ መሬት ውስጥ ይሰኩታል፤ ሲያወጡት ጫፉ ላይ ነጭ እጭ አለ። አጎቴ ጋጋኖ ያረፈበት መስክ ላይ እንድንሯሯጥ አይፈቅድም ነበር። ገብሱን ከሥሩ የሚበላውን ትል የሚለቅምልን እሱ ነው፤ ደመወዝ አይጠይቅ። ማታ በመጡበት መንገድ ሲመለሱ እኛም ከብቶቹን ወደ በረት እንመልሳለን።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ወፍ ይመጣል። ይመጣል ነው የሚባለው። አገር ምድሩ አደይ ሲያብብ፣ ትናንት ያልነበረ ቀለም ቁጥቋጦው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ መስቀል አልፎ ሣሩ ሲደርቅ ይጠፋል። ከርሞ የተገኘ ዘመድ ሁሉ «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እየተባለ የሚወቀሰው በእሱ ስም ነው። እኛ እረኞች የት እንደሚከርም ብዙ እንከራከር ነበር። አንዱ ግብፅ ነው ይላል፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ይላል፣ አንዷ ልጅ ግሸን ማርያም ትል ነበር።

የትም አይሄድም። ይህን ያስረገጠልኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ሰሞን፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አብሮኝ የተጓዘ ወጣት ስካውት ነው። የመስቀል ወፍ የምንለው አንድ ወፍ እንኳ አይደለም። አንዱ ጥቁር ሆኖ ወገቡና ትከሻው ቢጫ ነው። ሌላው ጥቁር ሆኖ አናቱና አንገቱ ላይ ቀይ አለበት፣ ጅራቱም ረጅም ነው። ሦስተኛው መንቁረ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ የለበሰ ትንሽ ወፍ ሲሆን ጅራቱ ከራሱ ይበልጣል፤ ሚስቱም እንቁላሏን በሰው ጎጆ፣ ማለትም በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች። ሦስቱም በበጋ ወራት እዚያው ናቸው። ወንዱ ከሴቷ ለመለየት የሚያስቸግር ቡናማ ሆኖ ከድንቢጦች ጋር ተደባልቆ እህል ይለቅማል። ዝናቡ ሣሩን ሲያሳድግ ላባውን ይለውጣል፤ ጎጆ ለሚሠሩት ለሁለቱ ሣሩ ለጎጆው ነው፣ በሣሩ የሚርመሰመሰው ትልና ፌንጣ ለጫጩቶቹ ነው።

«ጋሼ፣ ያችን ይመልከቱ» አለኝ ስካውቱ። ቡናማ፣ ተራ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ወፍ አጥር ላይ ተቀምጣለች። «ሴቷ ናት። በጥር ቢመጡ ባሏንም ከእሷ በቀላሉ አይለዩትም።»

በዚያች ቅጽበት የአያቴ ቃል ገባኝ። ስለ 77ቱ የረኃብ ክፉ ቀን ሲነሣ አያቴ የምትናገረው ጥቂት ነበር። የሞተውን ሰው ስም አትጠራም፤ ወደ ሰፈራ የሄደውንም አትጠራም። አንድ ነገር ግን ትላለች፤ «የዚያን መስከረም ወፉ አልለበሰም።» ልጅ ሆኜ የኀዘን ንግግር ነው ብዬ ነበር የምሰማት፤ ወፍም ከሰው ጋር ከል ይለብሳል እንደማለት። እሷ ግን ያየችውን ነው የነገረችን። የ1976 ክረምት ከዳ፤ ሣር አልበቀለም፤ ሣር ከሌለ ጎጆ የለም፣ ጎጆ ከሌለ የሠርግ ልብስ ለምን? ወፎቹ ቡናማ እንደሆኑ አጥሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማንም አላያቸውም፤ እሷ አይታቸዋለች። ዛሬ ዝናብ የሚለካ መሣሪያ በየወረዳው ሲተከል ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ያቺ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ሴት በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት የመኸሩን ዕጣ ከአንድ አጥር ላይ ታነብ እንደነበር ሳስብ፣ ከእሷ ጋር ምን ያህል ዕውቀት እንደቀበርን ይሰማኛል።

ከነፍሳት ሁሉ ለእኔ የምትበልጠው ጣዝማ ናት። ጣዝማ አትናደፍም። ከዝንብ የማትበልጥ፣ መሬት ውስጥ የምትኖር የንብ ዘር ናት፤ መግቢያዋም ከስንደዶ ዘንግ ብዙ የማይሰፋ ቀዳዳ ነው። በሜዳ ላይ ፈልጎ አይገኝም። ጠዋት ፀሐይ ገና ስትወጣ በደረት ተኝቶ በሣሩ ጫፍ ላይ በአግድም ማየት ነው፤ አንዲት ነጥብ ከመሬት ትነሣለች፣ ሌላዋ ትገባለች። ቀዳዳው ከተገኘ ረጅም ስንደዶ በቀስታ ወደ ውስጥ ይሰደዳል፤ ከዚያ ስንደዶውን እየተከተሉ መቆፈር። አንዳንዴ ከልጅ ቁመት ይጠልቃል። ማሩ እንደ ንብ ማር በእንጀራ አይደለም የሚቀመጠው፤ ጣት በማይሞሉ ድብልብል የሰም ዕቃዎች ተሞልቶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይገኛል። አንዷን በጥርስ ሲነኳት ትፈነዳለች። ቀጭን ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ኋላ ላይ ኮምጠጥ ይላል።

የሰፈራችን ጣዝማ ቆፋሪ አንድ ሽማግሌ ሼህ ነበሩ። ሳል የያዘው ልጅ ሁሉ፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ ወደ እሳቸው ቤት ይላካል። በማንኪያ ጫፍ ያቀምሱና «በል፣ አላህ ይማርህ» ይላሉ። ሁሉን አልቅማችሁ አትውጡ የሚሉን እሳቸው ናቸው፤ ካገኙት ውስጥ ድርሻዋን ትተውላት ጉድጓዱን በአፈር ይደፍኑታል። ቁርአን ውስጥ በንብ ስም የተጠራ ምዕራፍ እንዳለ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የአጎቴ ቀፎ በተቆረጠ ጊዜ ደግሞ ማሩ ሁለቱም ቤት ይደርሳል፤ ሰሙን አያቴ ለይታ ታስቀምጠዋለች፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሆናል። ወሎ ስለ አብሮ መኖር ብዙ ይባልለታል። እኔ የማውቀው እንዲህ በማንኪያና በጧፍ ነው።

ወደ ፓርኩ ልመለስ። እኛ ደንቆሮ ጫካ ነበር የምንለው። ሽማግሌዎች ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተከብሮ የኖረ ነው ይላሉ፤ በ2001 ዓ.ም. ፓርክ ተባለ፣ ኋላም ወረሂመኖ ተጨምሮበት ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ ሆነ። ከታች 1,900 ሜትር አካባቢ ተጀምሮ 3,699 ሜትር ድረስ ይወጣል። ታች ጥድና ወይራ ነው፣ መካከሉ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ አናቱ ላይ ጓሳና ጅብራ። በአንድ ቀን እግር መንገድ ከቢራቢሮ ወደ ውርጭ ይደረሳል።

ቢራቢሮዎቹን ያገኘናቸው የጅረት መሻገሪያ ላይ ነው። ከብት የረገጠው ጭቃ ላይ ነጫጭና ቢጫ ሆነው ክንፋቸውን ገጥመው ተደርድረዋል። አበባ በሞላበት አገር ጭቃ ላይ ምን ይሠራሉ? ጨው ይመጥጣሉ። አበባ ስኳር እንጂ ጨው የለውም። ተንበርክኬ አንዷን ቀርቤ አየኋት፤ ጥቅልል ምላሷን ዘርግታ ጭቃውን ትነካለች፣ ትሰበስባለች፣ እንደገና ትዘረጋለች። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ።

ሣሩ ላይ ስንወጣ አንዲት ወፍ ከፊታችን ተነሥታ ጥቂት በርራ ቋጥኝ ላይ አረፈች። ጀርባዋ አፈር ነው። ዞር ስትል ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ከሥሩ ማተብ ያሰረች የሚመስል ጥቁር ክር። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለችም። ልጅ ሆኜ በየቀኑ አይቻታለሁ፤ የብቻችን መሆኗን የነገረኝ መምህር አልነበረም። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1830ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አገራችን ገብቶ እሷንም፣ ጋጋኖንም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ባለ ወፍራም መንቁር ቁራችንንም፣ ጭላዳንም፣ ቀይ ቀበሮንም ለሳይንሱ ዓለም ጽፎ አስመዘገበ። ሥራው ትልቅ ነው። እረኞቹ የነገሩትም መጻፍ ይገባው ነበር። ስካውቱ ደብተር አለው፤ በሥልጠና ያገኘውን የእንግሊዝኛና የላቲን ስም በአንድ ወገን ጽፎ፣ የአገሬውን ስም የሚጽፍበትን ወገን ለሽማግሌዎች ትቶታል። አብዛኛው ገና ባዶ ነው። የማውቀውን ያህል አስሞልቼው ሄድኩ።

መካነ ሰላም አድጋለች። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለባት፣ ፎቅ አለባት፣ ባጃጅ አለባት። ኩራዝ የሚከብበው የእሳት ራት አሁን የመንገድ መብራት ይከብባል፤ ጎሕ ሲቀድ ቁራዎች መብራቱ ሥር መሬት ላይ የወደቀውን ሲለቅሙ አየሁ። አዲስ ልማድ ነው፤ ቶሎ ተማሩት። ጋጋኖዎቹም አለፉ፣ ጮኹ፣ ከሞተር ድምፅ ጋር ተቀላቀለ። እኛ በጎች ያሰማራንበት ተረተር ግን ባሕር ዛፍ ሆኗል። ባሕር ዛፍን አልወቅስም፤ ቤት የሚሠራው፣ ልጅ የሚያስተምረው በእሱ ነው፣ ሲያብብም ንብ አይጠላውም። ከሥሩ ግን ሣር የለም፤ ጦስኝ የለም። እዚያ የመስቀል ወፍ ፈልጌ አጣሁ። ዝቅ ብሎ ረግረጉ ዳር፣ ሣር በቀረበት ጠባብ ቦታ ላይ ቀይ ያለባቸው ጥቁሮቹ ነበሩ፤ ጅራታቸውን ይዘው ከቄጠማ ቄጠማ እየዘለሉ ይጣላሉ።

ከከብቶቹ እግር ሥር ደግሞ ጅራታቸውን የሚወዘውዙ ትንንሽ ቢጫ ወፎች ነበሩ። እነሱ ናቸው እውነተኞቹ መንገደኞች። የተፈለፈሉት አውሮፓና እስያ ነው፤ በዚያ በጋው ሲያልቅ ወደ እኛ ይወርዳሉ። እንደ እነሱ ከሩቅ የሚመጡት ንስሮችና ሌሎች ትልልቅ አሞራዎች ባሕር ስለማይወዱ ብዙዎቹ በባብ ኤል መንደብ፣ ቀይ ባሕር በሚጠብበት በኩል ከየመን ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። በኢትዮጵያ የተመዘገበው ወፍ ከ850 ዝርያ ይበልጣል ሲባል እነዚህ እንግዶችም ተቆጥረው ነው። ስለዚህ በመስከረም በቦረና መስክ ላይ የቆመ እረኛ፣ ባሕር ዳር ያለ ሰው በሰኔ ያየውን ወፍ ያያል። ልጅ ሆነን የመስቀል ወፍ ከየት መጣ ብለን ስንከራከር፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው እግራችን ሥር ይራመድ ነበር።

አጎቴ አሁን ሸምግሏል። ዐይኑ ደክሟል፤ ንቡን በድምፁ ነው የሚያውቀው። ቀፎዎቹ ከጣሪያው ሥር በእበት ተለስነው በወይራ ታጥነው እንደ ድሮው ተደርድረዋል፤ የሚበዙት ግን ባዶ ናቸው። ድሮ በመስከረም ማገጡና አደዩ ሲያብብ ንቡ ተባዝቶ ይሰደድ ነበር፤ እኛ ልጆች አፈር እየበተንን፣ ቆርቆሮ እየደበደብን፣ አንድ ቅርንጫፍ ላይ እስኪያርፍ እንከተለዋለን። አሁን መሰደድ ቀርቷል። እሱ ምክንያቱን አይጠራጠርም። «አረሙን በመድኃኒት ይረጩታል፤ ንቡ አበባ አገኘሁ ብሎ ይሄዳል፤ ማታ ደጃፉ ላይ ተንቀጥቅጦ ይወድቃል።» ጎረቤቶቹን አይቀየምም። አረም ማረም ስንት የሰው ጉልበት እንደሚበላ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ እንደሄደ ያውቃል። በ2013 ጥቅምት አንበጣ የወሎን ቆላ ሲያወድም፣ መድኃኒት ይረጭ ብለው ከጮኹት መካከል እሱም ነበረበት፤ እህል ያለቀበት ሰው ማር አይልም።

«እንግዲህ አያ፣ ምን ይደረግ ትላለህ?» አልኩት።

አስቦበት ኖሯል። «የሚረጭ ሰው በዋዜማው ይንገረኝ። እኔ ማታ ንቡ ሲገባ አፉን በርጥብ ሣር እዘጋለሁ፤ ከረጩ በማግስቱ እከፍታለሁ። ደግሞ ቢቻል ፀሐይ ከገባች በኋላ ይርጩ፤ ያኔ ሜዳው ላይ ንብ የለም። አንዳንዱ ይነግረኛል፣ አንዳንዱ ይረሳል። የወሰኑን ሣር እስከ ኅዳር አትጨዱት ብያቸው ሁለት ሰዎች እሺ ብለውኛል፤ የልማት ሠራተኛዋም ለሌሎቹ እነግራለሁ ብላለች። አንተ ጸሓፊ ነህ አሉ፤ ጻፈው፤ ማታ ይርጩ፣ ከመርጨታቸው በፊትም ይንገሩ።»